መጁ የወጣበት ቤት

አንድ ሰው ነበረ፤ በእጁም ስምንት መቶ ኩንታል እህል ነበረ። እህሉ የራሱ አልነበረም። በሁለት የጥጋብ ዓመታት ከወንዙ ወዲህና ከወንዙ ወዲያ ካለው ገበሬ ሁሉ እየተሰፈረ፣ ለክፉ ቀን ይሁን ተብሎ በአንድ ጎተራ የተከማቸ ነው። ክፉው ቀን መጣ። ሰውየው የአገሩ ሹም ስለነበረ የጎተራው ቁልፍ የተንጠለጠለው ከእሱ ወገብ ላይ ነው። ማን ይብላ፣ ማን ይቆይ የሚለው ፍርድም ከቁልፉ ጋር አብሮ ተንጠልጥሏል።

ይህን የማወራው ስለ ጠየቅሽኝ ነው፣ ቤዛ። ትናንት መጠይቅሽን ሳልሞላ ብመልስልሽ ተከፋሽ። «አባባ፣ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ሞልቶልኛል፤ እርስዎ ቢቀሩ ምን ይጎድላል? ስለ ሰው ልጅ ለመናገር ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አይበቃም?» አልሽኝ። ቁጥር እንደምወድ ስለምታውቂ በቁጥር ልታሸንፊኝ ነው የመጣሽው። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ዝም ብዬ አልፈው ነበር። አንቺ ግን የወንድሜ የልጅ ልጅ ነሽ። ቁጥሮቹን ያዢ፤ አንዱንም ከራሴ አልጨመርሁም።

ያ አገር በወንዝ ለሁለት የተከፈለ ነው። ከወንዙ ወዲህ ሜዳው ነው። መንገድ አለው፣ የቅዳሜ ገበያ አለው፣ የሹሙ ግቢና ጎተራውም እዚያ ናቸው። አንድ ሺህ ሦስት መቶ ቤት ይኖርበታል። ከወንዙ ወዲያ ሸለቆው ነው። ወደዚያ ለመውረድ ግማሽ ቀን፣ ከዚያ ለመውጣት ሙሉ ቀን ይፈጃል። ስምንት መቶ አርባ ቤት ይኖርበታል። ሁለቱም አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፣ አንድ ጾም ይጾማሉ፣ ሬሳቸውን የሚያለቅሱበት ዜማ እንኳ አንድ ነው። ስለዚህ ለሹሙ አንድ ሰው መሰሉት።

ሹሙ ክፉ አልነበረም፤ ይህን ልብ በይ። ክፉ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ አጭር ይሆን ነበር፤ እኔም አልነግርሽም ነበር፤ ክፉ ሹም ያጠፋውን ለመስማት እኔ ዘንድ መምጣት አያስፈልግሽም። ይህኛው እህሉን አልሸጠም። ለዘመዱም አላደለም። ቁልፉን ሲተኛ እንኳ ከወገቡ አይፈታም ነበር። የቸገረው ነገር ሌላ ነው። ለሁሉም ቤት እኩል ቢያካፍል ለአንዱ ቤት አርባ ኪሎ አይደርስም። ያልራበው ይጨምርበታል፤ የራበው ወር ሳይሞላው ይጨርሰዋል። ስለዚህ የራበውን ካልራበው መለየት ነበረበት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በየቤቱ እየሄድን እንይ አለ። ሹሙ አሰበው። አንድ ቆጣሪ በቀን ሃያ ቤት ቢያይ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ቤት ለመጨረስ መቶ ሰባት ቀን ይፈጅበታል። ጊዜው መጋቢት ነው፤ በመቶ ሰባተኛው ቀን ክረምት ይገባል። ከዚያ ሹሙ አንድ ሐሳብ አመጣ።

«የሰውን ጠባይ ካወቅን ቤቱን ማየት ለምን ያስፈልገናል?» አለ። «ሰው ሲርበው ምን እንደሚያደርግ ሰውን እንጠይቅ። ያንን ያደረገ ርቦታል፤ ያላደረገ አልራበውም። ወጥ ለመቅመስ ድስቱን ሁሉ አይጠጡም።»

ሽማግሌዎቹ አደነቁት። ዛሬም ሳስበው ብልህ ነገር ይመስላል።

በሹሙ ግቢ አንድ ቆጣሪ ነበረ። ዕድሜው ሃያ ስምንት ነው። ከአንድ ጋቢና ከአንድ መኝታ ቆዳ በቀር ሀብት የለውም፤ ቁጥር ላይ ግን የሚደርስበት አልነበረም። ሲሰፍር ተሳስቶ አያውቅም። ሹሙ ጠርቶ አዘዘው። ቅዳሜ ገበያ ላይ ከሾላው ሥር ይቀመጣል፤ የሚያልፈውን ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፤ መልሱን በሽምብራ ይቆጥራል። ጥያቄው «ቤትህ እህል ሲያልቅ ምን ታደርጋለህ?» የሚል ነው። ሁለት እንቅብ ቀረበለት። አንደኛው «ሹም ደጅ ሄጄ አቤት እላለሁ» ለሚሉ ነው። ሁለተኛው «ዘመድ ጋ እሄዳለሁ» ለሚሉ ነው። ሰው ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል ተብሎ ሦስተኛ እንቅብ አልተሰጠውም።

ቆጣሪው ሁለት ቅዳሜ ተቀመጠ። ደከመኝ አላለም፤ ሰው አልመረጠም፤ ያለፈውን ሁሉ ጠየቀ። አራት መቶ ሰው ሞላ።

በሁለተኛው ቅዳሜ አንድ ረጅም ቀጭን ሰው በፊቱ ቆመ። ሸለቆ ነው አገሩ፤ ጨው ሊገዛ የወጣ ነው። ጥያቄውን ሰማ።

«መጁን አወጣዋለሁ» አለ።

«የቱን መጅ?»

«የወፍጮዬን ነዋ። ስንት መጅ ሊኖረኝ ነው?»

«እሺ አወጣኸው፤ ከዚያስ?»

«አወጣዋለሁ። በቃ።»

መጅ ማለት ከወፍጮው ላይ ሆኖ በእጅ እየተገፋ የሚፈጨው ድንጋይ ነው፤ አንቺ ያደግሽው በሞተር ወፍጮ ስለሆነ ነው የማስረዳሽ። በዙሪያው የቆሙት ሰዎች ሳቁ። አንድ በርበሬ ነጋዴ «ሸለቆዎች ድንጋይ ይቆረጥማሉ ሲባል ውሸት ይመስለኝ ነበር» ብሎ ተረበው። ሰውየው አልተቆጣም። «ጠየቀኝ፤ ነገርሁት» አለና ጨዉን ተሸክሞ ሄደ።

ቆጣሪው ሽምብራዋን በሁለት ጣቱ እንደያዘ ቀረ። ከሁለቱ እንቅብ በአንዱም ልትገባ አልቻለችም። ጥቂት አሰበና ኪሱ ከተታት። ወደ ግቢ ሲመለስ ቆረጠማት።

ሹሙ ፊት ቀርቦ ቆጠረለት። ሦስት መቶ ሰባ አንዱ አቤት እንላለን አሉ። ሃያ ስምንቱ ዘመድ ጋ እንሄዳለን አሉ።

«አንድ ጎደለ» አለ ሹሙ። እሱም ቁጥር አይጠፋውም።

«አንዱ ቀልደኛ ነው ጌታዬ። ድንጋይ አወጣለሁ አለ።»

«አንድ ቀልደኛ ለአራት መቶ ሰው አይመዝንም። ተወው።»

ተተወ።

በማግሥቱ አዋጅ ወጣ። የራበው ጎተራው ደጅ መጥቶ አቤት ይበል፤ አቤት ላለ ግማሽ ኩንታል ይሰፈርለታል፤ ዝም ያለ አልራበውም። አዋጁ ለሸለቆውም ተነገረ፤ አልሰማንም ያለ የለም።

አሁን ሹሙም ቆጣሪውም ያልጠየቁትን ልንገርሽ። በክፉ ዓመት ገበያ የሚወጣ ማን ነው? የሚሸጠው ያለው፣ ወይም የሚገዛበት ያለው። የሚሸጠውን የጨረሰ ሰው ቅዳሜም ቢሆን ከቤቱ አይወጣም። ኋላ አንድ በአንድ ሲጣሩ ከአራት መቶዎቹ ሦስት መቶ ዘጠና ሰባቱ የሜዳ ሰዎች ሆነው ተገኙ። ሦስቱ ብቻ ከሸለቆ ናቸው፤ ከሦስቱም ሁለቱ ሜዳ አግብተው የቀሩ ነበሩ። ሜዳ ደግሞ ሹም ደጅ ነው። የሜዳ ሰው በልጅነቱ አባቱ ለድንበር ሲጮኽ፣ እናቱ ለጠፋ በግ ስትጮኽ እየሰማ ያድጋል። አቤት ማለት ለእሱ እንደ መተንፈስ ነው። ካልጮኸ የሚሰማው እንደሌለ ያውቃል። እና ሦስት መቶ ሰባ አንዱ አልዋሹም፤ ስለ ራሳቸው እውነቱን ተናገሩ። ቆጣሪው ነው የእነሱን እውነት ለሰው ሁሉ የሰጠው።

በሸለቆው ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ራበኝ ብሎ በአፍ መናገር ጎረቤትን መስደብ ነው፤ ዓይን እያለህ አላየኸኝም ማለት ነው። ስለዚህ እህል ያለቀበት ቤት መጁን ያወጣና ከደጁ በስተግራ ያኖረዋል። ድንጋዩ የሚፈጨው የለኝም ብሎ ይናገርለታል። ጎረቤት ያያል፤ አየሁ አይልም፤ ሲመሽ ከመጁ ላይ የቻለውን አኑሮለት ያልፋል። አንድ ቁናም ይሁን አንድ እፍኝ፣ አመሰግናለሁ የሚል የለም፤ ምንም አይደለም የሚልም የለም። እህል ሲገባ መጁ ይገባል። አንድ መንገደኛ ርቧችኋል ወይ ብሎ በአፍ ቢጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ ተመስገን ይባላል። መጁ የተናገረውን አፍ አይደግመውም።

ሜዳ ላይ ደግሞ መጅ ደጅ የሚወጣው ሊወቀር ነው። ድንጋዩ በመፍጨት ብዛት ሲልስ በመዶሻ እየነቀሱ ያሻክሩታል። ወፍጮ የሚወቅር ቤት ብዙ የሚፈጭ ያለው ቤት ነው። የሜዳ ሰው መጅ ደጅ ላይ ሲያይ «እነ እገሌ ጠግበዋል» ይላል።

አየሽ? አንድ ድንጋይ ነው፤ ከወንዙ ወዲህ ጥጋብ ነው፣ ከወንዙ ወዲያ ረሃብ ነው። ሁለቱም ወገን ሌላው እንደ እሱ የሚያነበው ይመስለዋል።

ጎተራው ተከፈተ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት መጨረሻ አንድ ሺህ ሰማንያ ቤት አቤት አለ፤ አምስት መቶ አርባ ኩንታል ወጣ። ከአንድ ሺህ ሰማንያው ቤት የሸለቆው ዘጠኝ ነው። ዘጠኙም በወጣትነታቸው ሜዳ ሲያርሱ የኖሩ፣ የሜዳን ነገር የለመዱ ናቸው። የቀሩት አልመጡም። ሲርባቸው የሚያደርጉትን አድርገው ደጃቸውን እያዩ ይጠብቁ ነበር። አዋጅ ያስነገረ ሹም ዓይንም ይኖረዋል ብለው ነው የጠበቁት።

ሹሙን ግን ነገሩ ከነከነው። ከስምንት መቶ አርባ ቤት ዘጠኝ ብቻ እንዴት ይራባል ብሎ ጠየቀ። ይህንንም ልብ በይ፤ ቸል አላለም። ሰኔ ሲገባ፣ ወንዙ ሳይሞላ፣ ቆጣሪውን ወርደህ አይተህ ና ብሎ ላከው።

ቆጣሪው ወረደ። በሦስት ቀን ስድሳ ቤት አየ። በየደጁ ቆሞ ርቧችኋል ወይ ይላል፤ ተመስገን ይሉታል። ደጁን ያያል፤ መጅ ወጥቷል። ቆጠረ። ከስድሳው ቤት ሃምሳ ሦስቱ መጃቸውን አውጥተዋል። ከመጆቹ ላይ ግን ምንም አልነበረም፤ ሁሉም ካወጣ ማን በማን መጅ ላይ ያኑር? ድንጋይ ሲወቀር የሚረግፈውን ፍርፋሪም ቆጣሪው ከየደጁ አላየም። ያላየውን አልቆጠረም። የታዘዘው ያየውን እንዲቆጥር ነው።

ስድሳኛው ቤት የአንዲት ሴት ቤት ነበረ። ባሏ ሞቷል፤ ሁለት ልጆች ከውስጥ ሆነው ያዩታል። ሴትዮዋ በቅል ውኃ ሰጠችው፤ እንግዳ ውኃ ብቻ ጠጥቶ አይሄድምና በቅጠል ላይ የማሽላ ቆሎ አቀረበችለት። እንደ ልማዱ ቆጠረው። አሥራ ሰባት ፍሬ ነው። ንፉግ ሴት ናት ብሎ በልቡ ታዘባትና በላው።

«ርቧችኋል ወይ እትዬ?» አላት።

«ተመስገን።»

«እህል አላችሁ?»

«ተመስገን፣ ወንድሜ።»

ሊነሣ ሲል ሴትዮዋ አንድ የማይባል ነገር አለች። በሸለቆ ሕግ ከዚህ በላይ መናገር አይቻልም።

«ደጄን አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ» አላት ቆጣሪው። «ወፍጮሽን ልትወቅሪ ነው። ሥራ በዝቶብሻል።»

ሴትዮዋ መጁን አየች። እሱን አየች። እንደገና መጁን አየች።

«አዎ» አለች በመጨረሻ። «በዝቶብኛል።»

ቆጣሪው ተመልሶ ሹሙን አሳረፈው። ስድሳ ቤት ጠይቆ ስድሳውም ተመስገን ብለውታል። ሃምሳ ሦስቱ ወፍጮ ሊወቅሩ መጅ አውጥተዋል። ሹሙ ይህን ሲሰማ እፎይ አለ። የቀረው ሁለት መቶ ስድሳ ኩንታል ለከርሞ እንዲቀመጥ አዘዘ፤ ጎተራው ተዘጋ። ለቆጣሪውም ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዶ ያለ ስሕተት ስለ ቆጠረ ከእህሉ ላይ ሁለት ኩንታል ሽልማት ሰጠው። ሐምሌ ገባ፤ ወንዙ ሞላ። ሦስት ወር የወጣም የወረደም የለም።

በመስከረም ማለቂያ ወንዙ ሲጎድል አንድ ሰው ከሸለቆ ብቻውን ወጣ። ያ ጨው ሊገዛ መጥቶ የነበረው ነው። በጀርባው ድንጋይ ተሸክሟል። ሹሙ ከቆጣሪው ጋር መዝገብ ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። ሰውየው እጅ ነሣና ድንጋዩን መዝገቡ ላይ አኖረው። መጅ ነው።

ሹሙ ምን እንደ ሆነ ጠየቀው።

«አምና ስምንት መቶ አርባ ቤት ነበርን» አለ ሰውየው። «መቶ አሥራ ሰባቱ ተዘግቷል።»

«ስንት ሰው ነው?»

«እኔ ቤት ነው የቆጠርሁት። ሰው መቁጠር አልቻልሁም።»

 ሹሙ መከራከር ጀመረ፤ ሰው ነው። አዋጅ እንዳስነገረ፣ ሰው እንደ ላከ፣ አራት መቶ ሰው እንዳስጠየቀ ዘረዘረ። ወጥ ለመቅመስ ድስቱን ሁሉ አይጠጡም ብሎ ያንን ቃሉን ደገመው።

«ድስቱ እኮ ሁለት ነበረ፣ ጌታዬ» አለው ሰውየው።

ከዚያ ወደ ቆጣሪው ዞረ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«አንተ ጠይቀኸኝ ነበር፤ ነግሬህ ነበር። ይህ መጅ የእኔ አይደለም። ቆሎ ያበላችህ ሴት ነው። ሥራ በዝቶብሻል ብለሃት ነበር አሉ። አሁን አልቆላታል።»

ድንጋዩን እዚያው ትቶ ወጣ። አቤት አላለም፤ ካሣም አልጠየቀም።

ጎተራውን ሲከፍቱት ክረምቱ በጣራው ቀዳዳ ገብቶ ከሁለት መቶ ሃምሳ ስምንቱ ኩንታል መቶ ዘጠናው ሻግቷል፤ የቀረውን ነቀዝ ይዞታል። ሹሙ አልተሻረም። እንዲያውም ያ የአራት መቶ ሰው መልስ በጥሩ ጽሑፍ ተገልብጦ ለሌሎች ሦስት አገሮች ሹማምንት ተላከ። የራበው ሰው ይጮኻል፤ ያልጮኸ አልራበውም ይላል። ርእሱ የሰው ጠባይ የሚል ነበር። የሜዳ ሰው ጠባይ ብሎ ያረመው የለም። ስለ መጁ አንድ ቃል አልተጻፈበትም። እነዚያ ሦስት አገሮች ሸለቆ እንዳላቸው እኔ አላውቅም። ሸለቆ የሌለው አገር ግን አላየሁም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ቤዛ።

ሲጨንቅህ ለማን ትናገራለህ ብለሽ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ጠየቅሽ። ጥያቄውን ከየት አመጣሽው ብልሽ ከባሕር ማዶ መጽሐፍ ነው አልሽኝ። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች እነማንን ጠይቀው ነው ብልሽ የራሳቸውን ተማሪዎች አልሽ። እነሱም ሾላቸው ሥር ተቀምጠው ያለፈውን ጠይቀዋል፤ እንቅቡንም የሠሩት በራሳቸው ልክ ነው። አንቺ ያንን እንቅብ ተሸክመሽ መጥተሽ በእኛ ሰው ልትሞይው ተነሣሽ። ከማን ሞላሽው? ከአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከአንድ ግቢ፣ ከሃያ አምስት ዓመት በታች ከሆኑ፣ ለማርክ ሲሉ ወረቀት መሙላት ከለመዱ ልጆች። እነሱም አልዋሹሽም። ሲጨንቃቸው ይናገራሉ። ከዚያ ግን አንቺ «የተጨነቀ ሰው ይናገራል» ብለሽ ጻፍሽ። በጽሑፍሽ መሠረት የጭንቀት አማካሪ የሚመደበውም አቤቱታ ወደ በዛበት ወረዳ ነው፤ ከሸለቆው ግን አንድም አቤቱታ ስላልመጣ ለጊዜው አያስፈልገውም ብለሽ በደስታ ነገርሽኝ። ስምንት መቶ አርባ ከነበረው ቤት የተረፉት የሚኖሩበትን ሸለቆ ነው የምትይኝ። ተመስገን ብለውሻል።

ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ይበቃል ወይ ብለሽ ነበር የጠየቅሽኝ። እኔ አራት መቶ ሰው የጠየቅሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አንድ ሰው አራት መቶ ጊዜ ጠይቄ ኖሯል። ስድስት ሺህ ብታደርጊውም ያው አንድ ሰው ነው።

አዎ፣ ቆጣሪው እኔ ነኝ። አሥራ ሰባቱን ፍሬ ከእኔ በቀር ማን ሊቆጥረው ይችላል? ከደጄ ላይ ያለው፣ ሕፃን ሳለሽ እየተቀመጥሽበት እግርሽን የምታወዛውዢበት ድንጋይ ያ መጅ ነው። ሹሙ ጣሉት ሲል እኔ አነሣሁት። ወደ ሸለቆው ልመልሰው ነበር፤ የምመልስበት ደጅ አላገኘሁም።

እና መጠይቅሽን ለምን ሳልሞላ እንደ መለስሁ ልንገርሽ። ከታች በኩል ሌላ የሚል ሳጥን አየሁ። የሹሙ እንቅብ ሁለት ነበር፤ ያንቺ ሦስት ነው፤ በዚህ ትበልጪናለሽ ብዬ ደስ አለኝ። ስንት ሰው ሞላው ብዬ ስጠይቅሽ አሥራ አራት አልሽ። ምን ብለው ጻፉ ብልሽ ብዙዎቹ የማይገባ ነገር ነው፣ መልሳቸው ከሌላው ጋር አይገጥምም፣ ከስሌቱ አወጣኋቸው አልሽ። ያን ጊዜ ነው ብዕሩን ያስቀመጥሁት።

እነዚያን አሥራ አራት ወረቀቶች ካልጣልሻቸው ፈልጊያቸው። ከጣልሻቸው ደግሞ ሂጂና ሰዎቹን ፈልጊ። አይገጥምም አትበይ፤ እንቅቡ ነው የጠበበው።

አሁን ሒሳቡን ልዝጋው። ሁለቱን የሽልማት ኩንታል ነሐሴ ላይ፣ እህል በተወደደ ጊዜ፣ በእጥፍ ዋጋ ሸጥኋቸው። በዋጋው አህያ ገዛሁ። ከአህያዋ ሱቅ ወጣ፤ ከሱቁ ይህ ቤት ወጣ፤ ከዚህ ቤት ያንቺ የትምህርት ቤት ክፍያ ወጣ። ራሱን በራሱ ያቆመ ሰው እያሉ የሚያመሰግኑኝ መነሻዬን ስለማያውቁ ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ ሁለቱን ወገን ሳስተያይ ኖሬአለሁ፤ አንድም ቀን አልተካከለልኝም። ትርፉ ሁለት ኩንታል ነው። ኪሳራው መቶ አሥራ ሰባት ቤትና መንገድ ላይ የቆረጠምኋት አንዲት ሽምብራ ናት።